ትዕዛዝ እጅ ላይ እያለ የተዘጋ ሥራ፦ ትክክለኛውን የኪሳራ ምክንያት እንዴት እንለይ?

ሦስተኛዋ ሸሪክ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለድርጅቶች የሥራ ቱታና ጋዋን የሚሰፋ አነስተኛ ድርጅት አቋቁመን ነበር። ሥራው ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ ማሽኖቹን ሸጠን የጨርቅ አቅራቢዎችን ዕዳ ከፍለናል፤ በመካከላችንም ጠብ የለም። አሁን ሦስታችንም እንደገና ለመጀመር እንፈልጋለን፤ ይሁን እንጂ ካለፈው ምን መማር እንዳለብን ልንስማማ አልቻልንም።

አንደኛው ሸሪካችን ችግሩ የዋጋ ነው ይላል። ትልልቅ ደንበኞችን ለመሳብ ከመደበኛው ዋጋ ላይ 10 በመቶ እየቀነስን እንሸጥ ስለነበር፣ በእሱ አስተያየት መውደቅ የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛዋ ሸሪካችን ከእኛ እጅግ የገዘፉ ተወዳዳሪዎች መኖራቸውን ታነሳለች፤ በአንድ ዓይነት ምርት ከእነሱ ጋር መፎካከር ስለማይቻል ሌላ ዓይነት ልብስ መምረጥ ነበረብን ትላለች። እኔ በበኩሌ ምክንያቱ ደንበኞች ክፍያ ማዘግየታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። በሩን በዘጋንበት ሳምንት እንኳ ያላለቁ ትዕዛዞች በእጃችን ነበሩ፤ የዘጋነው ጨርቅ መግዣ አጥተን እንጂ ገበያ አጥተን አልነበረም።

ጉዳዩ የንግግር ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እንተወው ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ማብራሪያ ወደተለያየ ውሳኔ ይወስደናል፤ አንደኛው ልክ ከሆነ ዋጋ መጨመር፣ ሁለተኛዋ ልክ ከሆነች ምርቱን መለወጥ፣ እኔ ልክ ከሆንኩ ደግሞ የምንሸጥላቸውን ደንበኞች መለወጥ ይኖርብናል። በቀረን ገንዘብ ሦስቱንም መሞከር አንችልም። ከውድቀት ተማሩ የሚለን ሰው ብዙ ነው፤ ከየትኛው የውድቀቱ ክፍል እንደምንማር የነገረን ግን አላገኘንም። ምክንያቱን ከግምት አልፎ በማስረጃ ለመለየት የሚያስችል መንገድ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉን። በአዲሱ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ምን ምን ብንመዘግብ ዳግም እንዲህ ካለ ክርክር እንደምንድንም ብትነግሩን እናመሰግናለን።

ሂሳብ መዝጋቢ

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሦስታችሁ እንደገና ተቀምጣችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ወረቀቶቻችሁን እንድታወጡ እመክራለሁ፦ የጨርቅ መግዣ ደረሰኞች፣ የሰፊዎች መክፈያ ዝርዝር፣ ለደንበኛ የተቆረጡ የሽያጭ ደረሰኞች፣ የርክክብ ሰነዶች፣ የባንክ መግለጫ። ገንዘብ የጠፋበትን ጉዳይ ሰው ሲያስታውስ ቀድሞ ያመነበትን የሚደግፈውን እየመረጠ ነው፤ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ግን ለማንም አያዳላም።

ወረቀቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ሳትቀላቅሉ ጠይቁ። አንደኛው ሥራው ያተርፍ ነበር ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ክፍያ በሚጠየቅበት ቀን ገንዘቡ በእጅ ነበር ወይ የሚል ነው። አዲስ ነጋዴዎች እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ያዩአቸዋል። እያተረፈ የሚዘጋ ድርጅት አለ፤ እየከሰረም ቀብድና ብድር እስካገኘ ድረስ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ አለ።

በምሳሌ ላስረዳ፤ የገንዘቡን ዓይነት ትቼ በቁጥር ብቻ እሄዳለሁ። አንድ ቱታ በ100 ይሸጣል እንበል። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑና በቁጥር የሚከፈለው የሰፊ ሂሳብ በድምሩ 70 ቢሆን በእያንዳንዱ ቱታ 30 ይተርፋል። ይህ 30 ገና ትርፍ አይደለም፤ ኪራይ፣ መብራትና የወር ደመወዝ ከእሱ ይሸፈናሉ። እነዚህ ቋሚ ወጪዎች በወር 2,000 ከሆኑ፣ 2,000ን ለ30 ስናካፍል ወጪን ለመሸፈን ብቻ በወር 67 ቱታ መሸጥ ያስፈልጋል። በወር 100 ቱታ የሚሸጥ ድርጅት 1,000 ያተርፋል። አሁን የ10 በመቶውን ቅናሽ እናስገባ። ዋጋው 90 ሲሆን ከአንድ ቱታ የሚተርፈው 20 ብቻ ይሆናል፤ ወጪን ለመሸፈን ብቻ 100 ቱታ መሸጥ ግድ ይላል። ከዋጋው ላይ የተቀነሰው አንድ አሥረኛ ነው፤ ከእያንዳንዱ ልብስ የሚተርፈው ግን በሲሶ ቀንሷል፤ ያንኑ ያህል ለማግኘት ሽያጩ በግማሽ መጨመር አለበት። ስለዚህ የአንደኛው ሸሪካችሁ ሐሳብ ባዶ አይደለም፤ የእናንተን ቁጥሮች በምሳሌው ቦታ ተክታችሁ ብትሠሩት በአንድ ከሰዓት በኋላ መልሱን ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ሐሳብ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነውና። ቅናሹን ትተን ወደ 100 ዋጋ እንመለስ፤ ድርጅቱ በወር 1,000 እያተረፈ ነው። ጨርቁ ትዕዛዙ በተያዘበት ቀን በእጅ በእጅ ይገዛል፤ ስፌቱ 20 ቀን ይፈጃል፤ ደንበኛው ደግሞ ከርክክብ በኋላ በ60 ቀን ይከፍላል። ስለዚህ ለአንድ ትዕዛዝ የወጣው ገንዘብ የሚመለሰው በ80ኛው ቀን ነው። በየ30 ቀኑ አንድ የ100 ቱታ ትዕዛዝ የሚቀበል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከመግባቱ በፊት ሦስት ትዕዛዞችን በራሱ ገንዘብ ይሸፍናል፤ ይህም 7,000 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 21,000 ነው። የሦስት ወር ቋሚ ወጪ 6,000 ሲታከልበት 27,000 ይሆናል። በወር 1,000 የሚያተርፍ ሥራ፣ አንዲት ሳንቲም ሳያይ 27,000 ይጠይቃል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ትዕዛዙ በእጥፍ ቢያድግ፣ ቋሚ ወጪው ባይጨምር እንኳ የሚያስፈልገው 48,000 ይደርሳል። ትዕዛዝ በእጁ እያለ የሚዘጋ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው እንዲህ ነው፤ ሥራው በመብዛቱ ደስ ሲለው የባንክ ሂሳቡ ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ ወረቀት ላይ በየወሩ ሁለት መስመር ጻፉ። በአንደኛው ላይ በዚያ ወር የተረከበው ሥራ ከቀጥተኛና ከቋሚ ወጪው በኋላ ምን እንዳስቀረ፣ በሁለተኛው ላይ በወሩ መጨረሻ በባንክ የነበረውን ቀሪ። አንደኛው መስመር አዎንታዊ ሆኖ ሁለተኛው እየወረደ ከሄደ የእርስዎ ማብራሪያ ይበልጥ ያስኬዳል። አንደኛው መስመር ራሱ አሉታዊ ከሆነ ግን ደንበኛው በዕለቱ ቢከፍል እንኳ ሥራው አይድንም ነበር።

የሁለተኛዋን ሸሪክ ሐሳብ ለመመዘን ደግሞ ያቀረባችሁትንና ያልተሳካላችሁን የዋጋ ማቅረቢያ ሁሉ ያስፈልጋችኋል። የተሸነፋችሁባቸውን ካልመዘገባችሁ ሐሳቧን ማረጋገጥም ውድቅ ማድረግም አይቻልም። ለአዲሱ ሥራ ከምትመዘግቡት ነገር አንዱ ይህ ይሁን፦ ለማን አቀረብን፣ በስንት፣ ማን ወሰደው።

የመለዋወጫ ነጋዴ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን መጨመር ይኖርብኛል። ወረቀት የሚያሳየው የሆነውን ብቻ ነው። መጥቶ አይቶ ሳይገዛ የሄደው ሰው ደረሰኝ የለውም፤ አንድ ጊዜ አዝዞ ያልተመለሰው ደንበኛም ለምን እንዳልተመለሰ የትም አልተጻፈም። እኔ የማሽን መለዋወጫ ሥራዬን ከዘጋሁ በኋላ ከመዝገቡ ይልቅ ያስተማሩኝ የቀድሞ ደንበኞቼ ናቸው። ሥራው ክፍት ሳለ ይሉኝታ ይዟቸው ያልተናገሩትን ከተዘጋ በኋላ በግልጽ ነገሩኝ።

አጠያየቁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሥራችን እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ «በጣም ጥሩ ነበር፣ ያሳዝናል» ከሚል የማጽናኛ ቃል በስተቀር ምንም አያገኙም። ስለተደረገ ነገር ይጠይቁ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ያዘዙን መቼ ነበር? ከዚያ በኋላ ልብሱን ከማን ገዙ? ከእነሱ ጋር ሲሠሩ ምን ይለያል? የክፍያ ሰነዳችን እናንተ ቢሮ ሲደርስ በማን እጅ ነው የሚያልፈው፣ የት ነው የሚቆየው? የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ እንዳይዘሉት እለምንዎታለሁ፤ ክፍያ ዘገየ ማለት ምን ላይ እንደዘገየ የሚታወቀው ከዚያ ነውና።

ሦስታችሁ ደግሞ ከመነጋገራችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ጻፉ። አንድ ሰው ቀድሞ ከተናገረ የቀሩት ወይ ይደግፉታል ወይ ይቃወሙታል፤ የራሳቸውን ማሰብ ያቆማሉ። ስትጽፉም እያንዳንዳችሁ ከራሳችሁ ክፍል ጀምሩ፤ ግዢ የያዘው ስለግዢ፣ ስፌት የተቆጣጠረው ስለስፌት፣ ደንበኛ ያነጋገረው ስለደንበኛ። በጥያቄዎ ውስጥ ያስተዋልኩትን በቅንነት ልናገር፦ የቀረቡት ሦስት ምክንያቶች ሦስቱም ወደ ውጭ ወይም ወደ ሌላ ሰው ያመለክታሉ፤ ከስፌቱ ክፍል ውስጥ የተነሳ አንድም ምክንያት የለም። ምናልባት በእርግጥ አልነበረ ይሆናል። ቢሆንም መፈተሽ አለበት፤ አበው «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

ጊዜም ስጡት። የደከሙበትን ሥራ መዝጋት ኀዘን አለው፤ ኀዘኑ ትኩስ ሳለ የሚደረግ ግምገማ ወይ ራስን መውቀስ ወይ ሌላውን መክሰስ ይሆናል። ዲን ሼፐርድ የተባለ የንግድ ሥራ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ከንግድ ውድቀት በኋላ የሚሰማ ኀዘን መማርን እንደሚያደናቅፍ ገልጿል፤ መፍትሔ ያለውም ነገሩን ለተወሰነ ጊዜ ፊት ለፊት መመርመርና ለተወሰነ ጊዜ ደግሞ ትቶ በሌላ ሥራ ላይ ማተኮር፣ ሁለቱን እያፈራረቁ መሄድ ነው። የእኔም ልምድ ከዚህ ጋር ይስማማል። እናንተ ወራት አልፈዋችኋል፤ በመካከላችሁ ጠብ አለመኖሩም ትልቅ ሀብት ነው፤ ስለዚህ ጊዜው አሁን ይመስለኛል።

የንግድ ትምህርት መምህር

ውይይቱ ጠቃሚ ስለሆነ ከጥናት የታወቀውን ላክልበት፤ ምክንያቱም «ውድቀት ታላቅ አስተማሪ ነው» የሚለው አባባል እንደሚታሰበው አይደለም።

ፖል ጎምፐርስና ሦስት ባልደረቦቹ በአሜሪካ የባለሀብት ድጋፍ ያገኙ ድርጅቶችን መሥራቾች አጥንተው ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ቀደም ሲል የተሳካለት መሥራች በሚቀጥለው ድርጅቱም የመሳካት ዕድሉ 30 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጊዜ ጀማሪዎችና ቀደም ሲል የወደቁት ግን 20 በመቶ አካባቢ ላይ ነበሩ፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። እርግጥ እነዚያ ድርጅቶች ከልብስ ስፌት ሥራ በብዙ ይለያሉ። ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው፦ መውደቅ ብቻውን ሰውን የተሻለ ነጋዴ አያደርግም።

ለምን እንደማያደርግ የሚጠቁም ሌላ ጥናት አለ። ሎረን ኤስክራይስ-ዊንክለርና አየለት ፊሽባክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ለተሳታፊዎች ሁለት አማራጭ ብቻ ያላቸውን ጥያቄዎች አቀረቡ። ለአንዳንዶቹ «ልክ ነህ»፣ ለሌሎቹ «ተሳስተሃል» የሚል መልስ ሰጡ። አማራጩ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሁለቱም መልሶች ትክክለኛውን እኩል ይጠቁማሉ፤ ቢሆንም «ተሳስተሃል» የተባሉት ቆይተው ሲፈተኑ ያነሰ ተምረው ተገኙ። የሌላ ሰው ስህተት ሲታያቸው ግን ችግሩ አልነበረም። መሳሳታችንን ስንሰማ ክብራችን ይነካና ትኩረታችንን እንነፍገዋለን። ከዚህ ጋር የሚገጥም ውጤት ከቀዶ ሕክምና ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት በ71 የልብ ቀዶ ሐኪሞች የ10 ዓመት ሥራ ላይ እንደታየው፣ ሐኪሞቹ ይበልጥ የተሻሻሉት ከራሳቸው ስኬትና ከባልደረቦቻቸው ውድቀት እንጂ ከራሳቸው ውድቀት አልነበረም።

ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ምክር፣ ሦስታችሁ የድርጅታችሁን ታሪክ ስሙን ቀይራችሁ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ጻፉትና ሥራውን ለሚያውቅ፣ እናንተን ግን ለማያውቅ ሰው ስጡት። ከዘጉ ሌሎች ሰዎች ጋርም ተነጋገሩ፤ የእነሱን ውድቀት ከራሳችሁ ይልቅ በቀላሉ ትማሩበታላችሁ።

የታላላቅ ነጋዴዎችን ታሪክ እንደ ማስረጃ መውሰድ ግን አደገኛ ነው። ሄንሪ ፎርድን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1899 የተቋቋመው ዲትሮይት አውቶሞቢል ኩባንያ ጥቂት ተሽከርካሪዎችን ብቻ ሠርቶ በ1901 መጀመሪያ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት በስሙ ከተቋቋመው ሁለተኛ ድርጅትም ከባለገንዘቦቹ ጋር ባለመስማማት በ1902 ወጣ፤ ድርጅቱም ስሙን ለውጦ ካዲላክ ሆነ። ከዚህ በኋላ በ1903 ፎርድ ሞተር ኩባንያ ተመሠረተ። ሰዎች ይህን የሚተርኩት ሁለት ጊዜ ስለወደቀ ሦስተኛው ተሳካ በሚል መንፈስ ነው። የማይተረከው፣ ሦስተኛው ድርጅት በተመሠረተ በሳምንታት ውስጥ፣ የመጀመሪያው መኪና ከመሸጡ በፊት፣ በባንክ የቀረው 223 ዶላር ከ65 ሳንቲም ብቻ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ጥቂት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ሦስት ውድቀቶች እናወራ ነበር፤ ይልቁንም ጨርሶ ላናወራ እንችል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወድቆ የቀረን ሰው ታሪክ የሚጽፍለት የለምና። አብርሃም ዋልድ የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያሳሰበውም ይህንኑ ነበር፤ ከውጊያ የተመለሱትን አውሮፕላኖች ቀዳዳ ብቻ የሚቆጥር ሰው ያልተመለሱትን የጣላቸውን ምት ሳያይ ይቀራል።

ለመጽናናት ያህል አንድ ቁጥር ልጨምር፦ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ እንደሚያሳየው ከአዲስ ድርጅቶች 20 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ይዘጋሉ። የእናንተ መዘጋት ብቻውን ስለ ችሎታችሁ ብዙ አይናገርም።

ሦስተኛዋ ሸሪክ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን አድርገን ውጤቱን ላካፍላችሁ ተመልሻለሁ።

በመጀመሪያ ሁለቱን መስመሮች ሠራን። የመጨረሻዎቹን ወራት ትተን ሥራው ያተርፍ ነበር፤ ቅናሹ ትርፉን እጅግ አሳንሶታል እንጂ ወደ ኪሳራ አልከተተውም። የባንኩ ቀሪ ግን ገና ከጅምሩ እየወረደ ነበር። ይህን ሳይ የእኔ ሐሳብ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ ብዬ ነበር።

ነገር ግን የመለዋወጫ ነጋዴው በሰጡን ምክር መሠረት ወደ ትልቁ ደንበኛችን ሄደን የክፍያ ሰነዳችን የት ይቆይ እንደነበር ጠየቅን። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ማኅደሩን አውጥተው አሳዩን። በእያንዳንዱ የርክክብ ሰነድ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፦ ይህን ያህል ቱታ በልክ ስህተት ተመልሷል፣ ምትኩ እስኪመጣ ክፍያው ይቆይ። ከአንድ ሙሉ ትዕዛዝ ውስጥ የተመለሱት ጥቂት ልብሶች ናቸው፤ የታገደው ግን የትዕዛዙ ሙሉ ክፍያ ነው። እኛ ምትኩን ለመስፋት ሳምንታት እንወስድ ነበር፤ ምክንያቱም አዲሱን ትዕዛዝ እናስቀድም ነበር። ለስፌት ክፍል ኃላፊዋ ሸሪካችን የተመለሰው ልብስ በቁጥር ትንሽ ስለነበር እንደ ችግር አልታያትም፤ እኔ ደግሞ ክፍያ የምከታተለው ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ብቻ ስለነበር ማስታወሻውን አይቼው አላውቅም። ልኩን በስልክ ነበር የምንቀበለው፤ «ትልቅ» ሲሉን እነሱ የሚያስቡት ልክና የእኛ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ያለው ልክ የተለያየ ነበር።

አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ይህን ወደ አዲሱ ሥራ ስናመጣ ምን ምን እንለውጥ፣ ምንስ እንተው? ኃላፊው እንደገና ከጀመርን ትዕዛዝ ሊሰጡን ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል፤ ከዚያው ደንበኛ መጀመር ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ሂሳብ መዝጋቢ

በጣም ጥሩ ሥራ ሠርታችኋል። እኔም ከወረቀቱ ብቻ ብነሳ የክፍያ መዘግየት ነው ብዬ እዚያው አቆም ነበር፤ ደንበኛን መጠየቅ ያስፈልጋል ያሉት ወንድማችን ልክ ነበሩ።

የምትለውጡት ነገር ጥቂት ይሁን። ዋጋውን፣ ምርቱንና ደንበኛውን በአንድ ጊዜ ከለወጣችሁ ውጤቱ ቢያምርም ቢከፋም ከየትኛው እንደመጣ አታውቁትም። በማስረጃ የተገኘው የልክና የክፍያ ችግር ነው፤ እሱን አስተካክሉ። ከጅምላ ስፌት በፊት በየልኩ አንድ አንድ ናሙና ሰፍታችሁ ደንበኛው ለክቶ ይፈርምበት፤ የደረትና የወገብ ልክ በሴንቲሜትር ተጽፎ ከውሉ ጋር ይያያዝ። በውሉ ውስጥ ሁለት ነገሮች በግልጽ ይግቡ፦ ክፍያ በትክክል በተረከቡት ልብሶች ልክ ይፈጸማል፣ የተመለሱት በኋላ ለብቻቸው ይታሰባሉ፤ እንዲሁም ሥራው ሲጀመር የዋጋው ግማሽ በቀብድ ይከፈላል። በቀደመው ምሳሌዬ ግማሽ ቀብድ ማለት ከሦስቱ ትዕዛዞች 15,000 ቀድሞ መግባት ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ መነሻ ገንዘብ ከ27,000 ወደ 12,000 ይወርዳል። ግማሽ ቀብድ እንቢ ያለ ደንበኛ ጨርቁን ራሱ እንዲያቀርብ ጠይቁት፤ ትርፉ ቢቀንስም ገንዘባችሁ አይታሰርም። የተመለሰ ልብስ ደግሞ ከአዲስ ትዕዛዝ በፊት ይሰፋ፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የሚያግደው ገንዘብ ትልቅ ነውና።

የተወዳዳሪዎችን ጉዳይ ለጊዜው ትታችሁ መዝግቡት ብቻ። ቅናሹን ግን አቁሙት ብዬ እመክራለሁ፤ ትርፋችሁን እጅግ እንዳሳነሰው ራሳችሁ አይታችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛው ጋሪ ክላይን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው አሠራር ነው፦ ሥራው ከአንድ ዓመት በኋላ እንደወደቀ ቁጠሩትና እያንዳንዳችሁ ለምን እንደወደቀ ለየብቻ ጻፉ። «ሊወድቅ ይችላል ወይ?» ሲባል ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «ወድቋል፣ ለምን?» ሲባል ግን የሚያውቀውን ያወጣል። ሁለተኛው የማቆሚያ ገደብ ነው። ባሪ ስታው እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ሙከራ የንግድ ተማሪዎች ራሳቸው የወሰኑት ውሳኔ መጥፎ ውጤት ሲያመጣ፣ በሌላ ሰው ከተወሰነው ይልቅ በዚያው ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ሲያፈሱ ተገኝተዋል። ስለዚህ ልባችሁ ገና ባልሞቀበት ጊዜ፣ የባንኩ ቀሪ ከዚህ በታች ሲወርድ አዲስ ትዕዛዝ አንቀበልም፣ ከዚህ በታች ሲወርድ ደግሞ ሥራውን እናቆማለን ብላችሁ ሁለት ቁጥሮች ጻፉ፤ ሦስታችሁም ፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ ከድርጅቱ ውጭ ላለ የምታምኑት ሰው ስጡ።

ስለ መዝገቡ፣ በየሳምንቱ መጀመሪያ የምትጠብቁትን፣ በሳምንቱ መጨረሻ የሆነውን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፉ፦ የሚገባ ገንዘብ፣ የሚወጣ ገንዘብ፣ የሚረከብ ልብስ፣ የተመለሰ ልብስ። ግምቱ አስቀድሞ ካልተጻፈ በኋላ ሁሉም ሰው ቀድሞ ያወቀው ይመስለዋል።

ከቀድሞው ደንበኛ መጀመርን በተመለከተ፣ መልሴ አዎን ነው፤ ግን በአነስተኛ ትዕዛዝ። ማኅደሩን አውጥቶ ያሳያችሁ ሰው ቀጣዩን ስህተታችሁንም ሳይውል ሳያድር ሊነግራችሁ ይችላል። በመጀመሪያው ርክክብ ዕለት ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ብቻ ሳይሆን ከንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋር ተገናኙና የሰነዱን ጀርባ አብራችሁ እዩት።